ሆድ ይፍጀው አትበሉ

ልጆቼ፣

34 ዓመት በላብራቶሪ ሠርቻለሁ። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ያሳለፍኩት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ሰገራ ስመረምር ነው። እንጀራዬ ነበር፤ ልጆች አሳድጌበታለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ሕመምተኛው ናሙናውን የሚያመጣው በክብሪት ቀፎ ነበር። ቀፎውን በወረቀት ይጠቀልለዋል። ወረቀቱን በመዳፉ ይሸፍነዋል። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እጁን በመስኮቷ ያሾልካል። ስሙን ስጠይቀው ድምፁ አይሰማም። ደም ሊሰጥ የመጣ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ክንዱን ዘርግቶ ወሬውን ይቀጥላል።

ያን ኀፍረት ከመስኮቷ በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ። ከ27 ዓመቴ ጀምሮ አይ ቢ ኤስ የሚሉት የአንጀት ሕመም ከብዶ አብሮኝ አለ። ዘንድሮ 62 ሞላኝ። ከእናንተም መካከል ጠዋት ከቤት ሳይወጣ አራት ጊዜ ሽንት ቤት የሚመላለስ አለ። ታክሲ ውስጥ ላብ የሚያጠምቃት አለች። የጓደኛውን ሰርግ በሰበብ የሚቀር አለ። ለእናንተ ነው የምጽፈው።

አይ ቢ ኤስ አንጀት ሲታይ ጤነኛ ሆኖ አሠራሩ የሚታወክበት ሕመም ነው። ይቆርጣል፣ ይነፋል፣ አንዱን ያስቀምጣል፣ አንዱን ያደርቃል፣ አንዳንዱን ደግሞ ሁለቱም ይፈራረቁበታል። ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 የታደሰ መስፈርት አላቸው። ሕመሙ ከጀመረ ቢያንስ 6 ወር የሆነው፣ ባለፉት 3 ወራት በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን የሚያም፣ ከመጸዳዳት፣ ሽንት ቤት ከመመላለስ ብዛት መለወጥና ከሰገራ መልክ መለወጥ ቢያንስ ከሁለቱ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ምንም የማይገኝበት ሰው ሁሉ በግምት የሚለጠፍበት ስም አይደለም።

የእኔ የጀመረው በአንድ የመስክ ሥራ ላይ ከበላሁት ምግብ ነው። ለአንድ ሳምንት ትኩሳትና ተቅማጥ ጣለኝ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፤ ሆዴ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ያኔ "አሜባው አልወጣም" ተባልኩ። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን የአሜባ መድኃኒት ዋጥኩ። ለሁለት ወር ቀለል አለኝ፣ ተመልሶ መጣ፣ ድጋሚ ዋጥኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ዙር ጨረስኩ።

እዚህ ላይ እንደ ባለሙያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በተራ ማይክሮስኮፕ የሚታይ አሜባ ሁሉ አያሳምምም። በሽታ የሚያመጣው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካና ምንም የማያደርገው ኢንታሜባ ዲስፓር መንትያ ናቸው። ሁለት የተለያዩ ፍጥረታት መሆናቸው በይፋ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አሜባው ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ካልተገኘ በቀር በዓይን አይለዩም። ወረፋው ሲረዝምና ስላይዱ ሲበዛ ነጭ የደም ሕዋስ ራሱ አሜባ ሊመስል ይችላል። እኔም በወጣትነቴ ሳልጠራጠር "ታይቷል" ብዬ የጻፍኩባቸው ወረቀቶች ነበሩ። ዛሬ ባገኛቸው ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ "አሜባ" ተብላችሁ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ከአምስተኛው ዙር በፊት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ነገሩን ከሥሩ አስመርምሩ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ካናዳ ውስጥ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ የቧንቧ ውሃ በባክቴሪያ ተበከለ። 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,000 በላይ ታመመ። ተመራማሪዎች የከተማዋን ሰዎች 8 ዓመት ተከታተሏቸው። ባክቴሪያው ከሰውነታቸው ከጠፋ ከዓመታት በኋላም ብዙዎቹ ላይ አይ ቢ ኤስ ቀረ። ይህን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ያህል ነው የተሰማኝ። እንግዳው ሄዷል፤ አንጀቴ ግን በሩን እየጠበቀ ቀረ። የአንጀት ነርቮች አንዴ ከተቆጡ ሌላው ሰው ከነመኖሩ የማያውቀውን ትንሽ አየር እንደ ቁርጠት ይሰሙታል። ሕመሙ እውነተኛ ሕመም ነው። "አእምሮህ የፈጠረው ነው" የሚላችሁን አትስሙ።

አእምሮና አንጀት ግን ይነጋገራሉ፣ ይህንም አልደብቃችሁም። አማርኛችን ከሐኪሞቹ ቀድሞ አውቆታል። ስንፈራ "ሆዴን ባር ባር አለው" እንላለን። ስናዝን ሆድ ይብሰናል። ስንራራ አንጀታችንን ይበላዋል። የምንወደውን ሰው "ሆዴ" ብለን እንጠራዋለን። አንጀት ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። ፈተና፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ፣ የቤት ኪራይ ጭቅጭቅ ሁሉ እዚያ ይደርሳል።

ከመቀጠሌ በፊት፣ እባካችሁ ይህችን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ተቅማጥ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም የደም ማነስ ካለ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ፣ "አይ ቢ ኤስ ነው" ብላችሁ አትቀመጡ። በአገራችን የአንጀት ቲቢ አለ፤ ራሱን እንደ ተራ የሆድ ሕመም ደብቆ ይከርማል። ሌሎች የአንጀት ቁስለቶችም አሉ። በጊዜ ከተያዙ መድኃኒት አላቸው።

አሁን ወደ ወጥ ቤት እንግባ። እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እዚያ ነው።

የወጣችን መሠረት ቁሌት ነው። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ቀይና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ፍሩክታን የሚባል የስኳር ዓይነት አለ። ትንሹ አንጀት አይፈጨውም። ወደ ትልቁ ሲወርድ ባክቴሪያ ያብላላውና ጋዝ ይሆናል። ስንዴ ውስጥም አለ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አተር ደግሞ የዚሁ ዘመድ የሆነ ሌላ ስኳር አላቸው። ይህን ሁሉ በቅጡ ያጠኑት አውስትራሊያ ሜልበርን የሚገኘው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው። እነዚህን ስኳሮች የሚቀንሰውን፣ ዝቅተኛ ፎድማፕ የሚሉትን የአመጋገብ ዘዴም ያወጡት እነሱ ናቸው።

ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ይበላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያለችው። ግን ፍሩክታን በውሃ ይሟሟል እንጂ በዘይት አይሟሟም። ይህን ስነግራት አንድ ዘዴ አወጣች። የነጭ ሽንኩርት ፍሬ ሳትከትፍ በዘይት ታሞቃለች። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ፍሬዎቹን ለቅማ ታወጣለች። ውሃ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። አንዴ ውሃ ከገባ በኋላ ሽንኩርቱን ማውጣት ዋጋ የለውም፤ የሚያስቸግረው ነገር መረቁ ውስጥ ቀርቷል። ዘይቱን ደግሞ በዕለቱ ጨርሱት፤ ነጭ ሽንኩርት የገባበት ዘይት ሲቀመጥ አደገኛ መርዝ ሊፈጥር ይችላል። የአረንጓዴው ሽንኩርት ቅጠሉ ብቻ ለብዙ ሰው ይስማማል። በርበሬውን ቀነስ፣ አልጫውን በርከት አድርጉ።

ጤፍ ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የለውም፣ ለእኔም ተስማምቶኛል። ከውጭ ስትገዙ ግን እንጀራው ስንዴ የተቀላቀለበት መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ወተት ለሁለት ሳምንት ትታችሁ እዩ፤ ብዙ አዋቂ ሰው የወተትን ስኳር አይፈጭም። ንጥር ቅቤ ላይ ግን ያ ስኳር እምብዛም አይቀርም። "ስኳር የለውም" የሚባለው ማስቲካም ያስቀምጣል። ባልትና ቤት የሚሸጠው ፉርሽካ "ለድርቀት ጥሩ ነው" ቢባልም እኛን ያባብስብናል። ከእሱ ተልባ ይሻላል። በቀን ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ሳያልፍ፣ ከትንሽ ጀምራችሁ፣ ከበቂ ውሃ ጋር።

ሁሉንም ባንዴ አትተዉ። ለሕይወት ዘመንም አትተዉ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚጠረጠረውን አቁሙ። ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ፣ ለየብቻ ፈትኑ፣ ደብተር ላይ ጻፉ። እኔ አንድ ጭልፋ ምስር እችላለሁ፣ ሁለት አልችልም። ሽሮ አልችልም። ይህን ያወቅኩት በደብተሬ ነው። እንጂማ ለዓመታት የሚበላ ነገር አጥቼ 51 ኪሎ ገብቼ ነበር።

ስለ ጾም ይጠይቁኛል። የጾም ማዕድ ባብዛኛው ጥራጥሬ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ ባንዴ መሙላት ደግሞ አንጀትን ያስደነግጣል። ረመዳን ላይም አፍጥር ሲደርስ እንዲሁ ነው። እኔ ለንስሐ አባቴ ሳልነግር 11 ዓመት ተሰቃይቻለሁ። ስነግራቸው ተቆጡኝ። የተቆጡኝ ስለ ጾሙ አልነበረም። "እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ልጄ?" ብለው ነው። ከዚያ በኋላ በሰዓትም በመብልም አቅለሉልኝ። ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ጎመንና ቆስጣ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ሙስሊም ልጆቼም የሚያምኑትን አዋቂ ይጠይቁ።

መድኃኒትን በአጭሩ ልለፈው፤ የሐኪም ሥራ ነው። ለቁርጠት አንጀት የሚያላላ መድኃኒት አለ። ለጉዞ ቀን ተቅማጥ የሚይዝ ሎፐራማይድ አለ፤ ደም ወይም ትኩሳት ካለ ግን አይነካም። አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ሲታዘዝ ደግሞ ብዙ ሰው ይደነግጣል። "የጭንቀት መድኃኒት ሰጡኝ፣ አበድኩ እንዴ?" እያሉ ይጠይቁኛል። አይደለም። በዚያ መጠን የሚሰጠው የአንጀትን ነርቭ ለማብረድ ነው። እኔን ለአራት ዓመት አግዞኛል። እንደ ኮሶ ያለ የሚያስቀምጥ የባህል መድኃኒት ግን እባካችሁ ይቅርባችሁ።

ጠዋት ሰዓቴን አውቃታለሁ። ሥራ የምገባው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሆንም የምነሳው አሥራ አንድ ላይ ነበር። ቁርስ ሲገባ ትልቁ አንጀት መንቀሳቀሱ የተፈጥሮ ነው፤ ቡናም ይገፋዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ቤት ውስጥ እጨርሳለሁ፣ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ሶፍት፣ በሃይላንድ ውሃ፣ ሳሙናና ቅያሪ ሱሪ አይጠፋም። በምሄድበት መንገድ ላይ የትኛው ሆቴል፣ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ካፌ ሽንት ቤት እንዳለው አውቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልገኝም። ማወቄ ብቻ ሆዴን ያረጋዋል።

አንድ ጊዜ ግን ምንም አልነበረኝም። ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነኝ፤ በአውቶቡስ ወደ ደሴ እየሄድኩ ነው። ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ስንቃረብ ያዘኝ። ጉም ነው፣ ብርድ ነው፣ እኔን ግን ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል። ሃያ ደቂቃ ያህል ጥርሴን ነክሼ ቆየሁ። በመጨረሻ ለረዳቱ በጆሮው ነገርኩት። አውቶቡሱ ዳር ያዘ። ሜዳው ገላጣ ነበር። ከኋላዬ አንዲት እናት ወረዱ። ምንም አላሉም። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው እንደ መጋረጃ ዘርግተው ቆሙ። ስጨርስ ከጆግ ውሃ አንቆረቆሩልኝና "ታጠብ የኔ ልጅ፣ አይዞህ፣ ሆድ ነው" አሉኝ። ቀና ስል ሌሎች ሦስት ሰዎች ወርደው በየአቅጣጫው ተበታትነዋል። እነሱም እንደኔ ይዘው ነበር የሚጓዙት፤ አንድ ሰው እስኪናገር ነበር የጠበቁት።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ለአለቃዬ ነገርኩት። "ሕመም አለብኝ፣ አንዳንዴ ሳልናገር ተነስቼ እወጣለሁ" አልኩት። ሁለት ዐረፍተ ነገር ናት። ለባለቤቴ ለመናገር ግን ከተጋባን በኋላ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሷ ደግሞ ለካስ ሌላ ሴት ያለችኝ መስሏት ነበር፤ እራት ላይ እየተነሳሁ የምጠፋው፣ ዘመድ ጥየቃ አልሄድም የምለው ለዚያ መስሏት። የነገርኳት ሌሊት ሁለታችንም አለቀስን። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው እሷንም ፈጅቷት ነበር።

አምና የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። እንደኔው ናት። ፈተና ላይ ስላጣደፋት ወረቀቷን ግማሹን ባዶ ትታ ወጥታለች፤ ትምህርቱን ልታቋርጥ ነው። "ለማን ነግረሻል?" አልኳት። "ለማንም። ምን ብዬ ጋሼ?" አለችኝ። ከሐኪም ወረቀት አጻፈችና ለመምህሯ በጽሑፍ ነገረችው፤ በአፏ መናገር አቅቷት። መምህሩም ወረቀቱን አንብቦ ምንም ሳይጠይቅ "በሩ ጋ ተቀመጪ" አላት።

በሚቀጥለው ፈተና በሩ ጋ ተቀመጠች። አንድ ጊዜ ወጣች። ተመለሰችና ጨረሰች። ማታ ደውላልኝ ስለ ፈተናው ጥያቄዎች ብቻ ነበር የምታወራው፤ ስለ ሆዷ ማንሳቱን ረስታዋለች።