የሕግ ምክር፦ ሰውየው እስኪነሳ እየጠበቅክ ነው እንዴ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ጥያቄዬ አጭር ነው። ጠቅላይ ሚኒስትርም ይሁን የምክር ቤት ተመራጭ፣ ከላይ እስከ ወረዳ ማንም ሰው ከሁለት ዘመን በላይ ወንበር ላይ እንዳይቆይ በሕግ ቢገደብ ሙስና አይቀንስም ወይ? እኛ ሰፈር ፊርማ ለማሰባሰብ አስበናል፣ በሕግ እንችላለን? የኛ ወረዳ ሰውዬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱ እዛ እስካለ ደሞ አጥሬን ገፍቶ የገባው ጎረቤቴም አይነካም፣ ይኸው ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነው፣ ለጉዳይ ገዳይ ያወጣሁት ሳይቆጠር። እሱ ቢነሳ ግን ሁሉም ይስተካከላል። አመሰግናለሁ።»

ወንድሜ፣ ደህና ነኝ እግዜር ይመስገን። ጋሼ ካልከኝ አንተ ልበልህ። ጥያቄህ አጭር ነው ብለሃል፣ አይደለም፣ ሁለት ጥያቄ ነው፤ አንዱን ፊት ለፊት ጠየቅከኝ ሌላውን «ደሞ» ከምትለዋ ቃል ጀርባ ደበቅከው። ደንበኛ ሲያወራኝ ዋናው ነገር ሁሌም «ደሞ» ካለ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ይሄን ከሥራው ነው የተማርኩት። የሰውየውን ሙሉ ስም ጽፈህልኝ ነበር፣ ሰርዤዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅከውን ቶሎ እንጨርሰው። ሕገ መንግሥታችን የሁለት ዘመን ገደብ የጻፈው ለፕሬዚዳንቱ ነው፣ አንቀጽ 70፣ ስድስት ስድስት ዓመት ሁለቴ፣ አለቀ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን ግን በአንቀጽ 72 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ዘመን ነው፣ ምክር ቤቱ በየአምስት ዓመቱ ይመረጣል፣ ስንት ጊዜ መመለስ ይቻላል የሚለው ላይ ምንም ገደብ የለም። እንግዲህ አስበው፣ ገደቡ የተጻፈው በጀት በእጁ ለሌለው ሰውዬ ነው። ያንን ለመቀየር ሕገ መንግሥት ማሻሻል ያስፈልጋል፤ ሀሳቡ የሚመነጨው ከፌዴራልና ከክልል ምክር ቤቶች ነው (አንቀጽ 104)፣ የሚጸድቀው ደግሞ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉትና ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው እሺ ሲሉ ነው (አንቀጽ 105)። ፊርማ? አቤቱታ ማቅረብ መብትህ ነው፣ አንቀጽ 30 ላይ አለ፣ ማንም አይከለክልህም፣ ግን የሰፈር ፊርማ ስንት ሺህ ቢሆን በራሱ ማሻሻያ የማስጀመር አቅም አልተሰጠውም፣ ለተመራጭህ የምታቀርበው ጥያቄ ነው የሚሆነው። መራጩ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት ይችላል የሚል ነገርም አለ፣ አንቀጽ 12 እና 54፣ ወረቀቱ ላይ።

ሙስና ይቀንሳል ወይ ለሚለው፣ እኔ ብቻውን አይቀንሰውም ባይ ነኝ፣ አንዳንድ ቦታ እንደውም ያፈጥነዋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን አይደል? ሰው ይሄን የሚያነሳው ስለ ሆዳምነት ሲያወራ ነው፣ እኔ ግን በጠበቃ ዓይን ሳነበው ስለ ቀን የሚያወራ ነው የሚመስለኝ። የሚሻርበትን ቀን ቆርጦ የሚያውቅ ሹመኛ ምን ያደርጋል ነው ነገሩ። ሜክሲኮን ተመልከት፣ ፕሬዚዳንቱ ስድስት ዓመት ገዝቶ ይሄዳል፣ ድጋሚ ብሎ ነገር የለም፣ የምክር ቤት አባላቱም ለአሥርት ዓመታት ተከታትለው መመረጥ አይችሉም ነበር። ታዲያ ያው አንድ ፓርቲ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ 71 ዓመት ገዛ፣ ሰውየው ይቀያየራል ጉቦው አይቀያየርም፣ ሕዝቡም የመጨረሻዋን ዓመት «የኢዳልጎ ዓመት» ብሎ ስም አወጣላት፣ ተሰናባቹ ከመውጣቱ በፊት የተረፈውን የሚጠራርግባት ዓመት ማለት ነው። በነሱ ቋንቋ የተተረተ የኛው ተረት በለው።

ብራዚል ደግሞ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ማዘጋጃ ቤቶችን በዕጣ እያወጣ ኦዲት ያስደርግ ነበር። ፌራዝና ፊናን የሚባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ሰዎች ሪፖርቶቹን ወስደው በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ድጋሚ መመረጥ የሚችሉ ከንቲባዎች ከማይችሉት ይልቅ በ27 በመቶ ያነሰ ገንዘብ ነው ያጎደሉት ይላል። ልብ በል፣ የባሰው ገደቡ የደረሰበት ነው። ልዩነቱ የሚሰፋውም ሕዝቡ መረጃ የማያገኝበትና ፍርድ ቤት የመቅጣት ዕድሉ ያነሰበት ቦታ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ገደብ ከንቱ ነው እያልኩህ አይደለም ደሞ። የኬንያው ፕሬዚዳንት ሞይ 24 ዓመት ገዝተው በ2002 እ.ኤ.አ. የወጡት ሕጉ ሁለት ዘመን ስላለ ነው፣ በሰላም ሄዱ፣ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሙስናን እናጠፋለን ብሎ የመጣው አዲሱ መንግሥት ሁለት ዓመት ሳይሞላው በሌለ ኩባንያ ስም የመንግሥት ገንዘብ የወጣበት የአንግሎ ሊዚንግ ቅሌት ፈነዳበት። ገደቡ ሲጻፍም ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር ካልተጻፈ ዋጋ የለውም፣ ጊኒ በ2020 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ቀይራ ፕሬዚዳንቱ ኮንዴ ቆጠራውን ከዜሮ ጀምረው ሦስተኛ ዘመን ገቡ፣ በዓመቱ መፈንቅለ መንግሥት። እኛም አገር በሙስና 18 ዓመት የተፈረደባቸው የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ታምራት ላይኔ ከፍተኛ ሥልጣን ላይ የቆዩት አሥር ዓመት እንኳ አይሞላም፣ ማለቴ ለመበላሸት ብዙ ዓመት አያስፈልግም።

በቃ እዚህ ላይ ፖለቲካው ይብቃን። አሁን ወዳልጠየቅከኝ ልግባ።

«የኛ ወረዳ ሰውዬ» ያልከው ተመራጭ ነው ወይ? ከጻፍከው የገባኝ የይዞታ ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ነው፣ ያ ደግሞ ወይ ተቀጣሪ ነው ወይ ተሿሚ። ለተመራጭ ሃያ ዓይነት ገደብ ብታወጣ እሱን አይነካውም። ቢነካውስ? ይዛወራል፣ ሌላ ወረዳ ሄዶ ሌላ ወንበር ይይዛል፣ አንተ ግን ከፋይልህ ጋር እዛው ነህ።

እና ዋናው ነገር፣ ወንድሜ፣ ዓመት ከዘጠኝ ወር አልክ። ይቺን ሳነብ ሻይዬን አስቀመጥኩ። ስለ ሰውየው ዘመን ስታስብ ያንተ ዘመን እያለቀ ነው እኮ! ጎረቤት ይዞታህ ላይ ሲገባብህ «ሁከት ይወገድልኝ» ብለህ የምትከስበት መንገድ አለ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ነው፣ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ ነው። ሰውየው ከተነሳበት ቀን አይደለም፣ ወረዳው መልስ ከሰጠህ ቀን አይደለም። የዚህ ክስ ጥቅሙ ምን መሰለህ፣ ባለቤት ነኝ አይደለሁም የሚለውን ረጅም ክርክር ሳትገባ፣ ቦታው በእጄ ነበር ይሄ ሰው ደግሞ ገባብኝ ብለህ ማስረዳት ነው ዋናው ሥራህ። አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ካመለጠህ ግን የሚቀርህ መንገድ ረጅምና ውድ ነው።

ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ስንቱን አየሁ። አንድ እናት ነበሩ (ፈቅደውልኝ ነው፣ ዝርዝሩን ቀያይሬዋለሁ)፣ የግቢያቸውን የኋላ በር ጎረቤት በቆርቆሮ ዘጋባቸው። ወረዳ ሄዱ፣ ኃላፊው የጎረቤትየው ዘመድ ነው ተባሉ፣ «ግምገማ እየመጣ ነው፣ ይነሳል፣ ትንሽ ይታገሱ» አሏቸው፣ ታገሱ። እውነትም ተነሳ፣ ያውም በዕድገት። አዲሱ መጣ፣ ትሁት ልጅ፣ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፣ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገና «እማማ፣ ይሄ በቀድሞው ኃላፊ ታይቶ ያደረ ጉዳይ ነው፣ እኔ እንደ አዲስ ልነካው አልችልም፣ ፍርድ ቤት ይሂዱ» አላቸው። እኔጋ ሲመጡ በሰማያዊ ፌስታል አሥራ አንድ ማመልከቻ ይዘዋል፣ ሁሉም ላይ የመዝገብ ቤት ማህተም አለበት፣ በቀን ተራ ደርድረውታል፣ ከጠበቃ ቢሮ የተሻለ። የመጀመሪያዋን ወረቀት ቀን አየሁና ዝም አልኩ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ልሞክረው አሉ፣ ሞከርን፣ የጎረቤትየው ጠበቃ የመጀመሪያ መቃወሚያው አንዲት መስመር ነበረች፦ በይርጋ ይታገዳል፣ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ዳኛዋ አሥራ አንዱንም ማመልከቻ አንድ በአንድ አገላበጠች፣ ያዘነች መሰለኝ፣ ግን መዝገቡ ተዘጋ። እኚህ ሴትዮ አንድም ቀን አልተኙም፣ አንድም ቀን አላረፉም፣ በየጊዜው ሲጽፉ ነበር፣ ብቻ የጻፉት የተሳሳተ በር ላይ ነው።

ስለዚህ ወረዳ ያስገባኸው ማመልከቻ ይርጋውን ያቆምልኛል ብለህ አትተማመን። ይርጋን ፍርድ ቤቱ በራሱ አያነሳም፣ ተከራካሪህ ነው የሚያነሳው፣ ግን ጠበቃ ካለው ያነሳዋል፣ አትጠራጠር። ሦስት ወር አለኝ ብለህም አትዘናጋ፣ «ዓመት ከዘጠኝ ወር» ያልከው በግምት ነው፣ ቀን አልጻፍክልኝም፣ ጎረቤትህ ደግሞ ከዛ በፊት ነው የገባሁት ቢልስ? የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚያየው የሚለውም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው፣ የተሳሳተ ቦታ ከስሰህ ስትመለስ ቀኑ ያልቃል። ለዚህ ነው ዛሬ ነገ ሳትል ጠበቃ አግኝ የምልህ፣ እኔን ማለቴ አይደለም፣ የሚቀርብህን። ደሞ አንድ ሌሊት ተነስተህ አጥሩን ራስህ እንዳታፈርሰው፣ በጉልበት መከላከል የሚፈቀደው ወዲያው ሲገባብህ ነበር፣ አሁን ካፈረስክ ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ።

አሁን ወደ ጉዳይ ገዳዩ። «ያወጣሁት ሳይቆጠር» ብለህ እንደ ታክሲ ሒሳብ አለፍካት። ያወጣሁት ስትል ምን ማለትህ ነው? ደረሰኝ ያለው የአገልግሎት ክፍያ ነው ወይስ ለሰውየው የምትደርስ ናት? ሁለተኛው ከሆነ እባክህ ከዚህ በላይ ምንም አትጻፍልኝ፣ ለማንም አትጻፍ፣ ጠበቃ ጋ በአካል ሄደህ ተናገር። ሰው ጉቦ የሰጠ ጊዜ ራሱን ተበዳይ አድርጎ ነው የሚያየው፣ ስሜቱ ይገባኛል፣ ተቸግረህ ነው፣ ግን በሙስና ወንጀሎች አዋጁ 881/2007 ሰጪውም ይጠየቃል፣ በመሀል ሰው ማስተላለፍህ አያድንህም፣ መሀል ያለውም ሰውዬ ይጠየቃል። ገንዘቤን መልስልኝ ብለህ ብትከሰውም ለሕገወጥ ነገር የተደረገ ውል ፍርድ ቤት አያስፈጽምልህም፣ እንደውም ክስህ ላይ የራስህን ወንጀል ፈርመህ ማስገባትህ ነው። አንድ ቀዳዳ አለ፣ ነገሩ ውስጥ የነበረ ሰው ክስ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በፊት በቂ መረጃ ከሰጠ ከክስ ነፃ ሊደረግ የሚችልበት ሥርዓት በሙስና የሥነ ሥርዓት ሕጉ ውስጥ አለ፣ የጥቆማና የምስክር ጥበቃ አዋጅም (699/2003) አለ። «ሊደረግ ይችላል» ነው ያልኩት፣ «ይደረጋል» አላልኩም። በየትኛው ቃል፣ በየትኛው ቀን፣ ለማን እንደምትናገር ከጠበቃ ጋር ሳትመክር እንዳትሞክረው።

ስሙን የሰረዝኩትም ለዚሁ ነው። ማስረጃ ሳትይዝ የሰውን ስም በሌባነት ብትለጥፍ ስም ማጥፋት ነው፣ አጥርህን ልታስመልስ የሄድክበት ፍርድ ቤት አንተው ተከሳሽ ሆነህ ትቀርባለህ። ዘጠኝ ዓመት ቆየ ማለት ማስረጃ አይደለም። ፎቅ ሠራ ማለትም ብቻውን አይደለም፣ ለዛ የሀብት ምዝገባ ሕግ አለ፣ 668/2002፣ ያስመዘገበውና ያለው የማይገናኝ ከመሰለህ በዛ በኩል ነው የሚጠቆመው፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይደለም።

ቅድም ያዝልኝ ያልኩህን አሁን አምጣት፣ ብራዚል ውስጥ ልዩነቱን ያጠበበው መረጃና ፍርድ ቤት ነው። ፊርማውንም አሰባስቡ፣ አልከለክልህም፣ የዜጋ ሥራ ነው፣ ግን መጀመሪያ የራስህን መዝገብ አስከፍት። ወረዳውን እንቢ ያሰኘው ነገር ካለ የሰጡህን መልስ በጽሑፍ ጠይቅ፣ በቃል «ነገ ና» ያሉህን ቀን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፍ።

ጠበቃ ጋ ስትሄድ የካርታህን ኮፒ ያዝ፣ ኦሪጅናሉን ቤት ተወው፣ ኦሪጅናል ለማንም አትስጥ፣ ለኔም ቢሆን። ግብር የከፈልክባቸውን ደረሰኞች፣ የማመልከቻዎችህን ኮፒ ከነማህተማቸው፣ አጥሩ ድሮ የት እንደነበር የሚያሳይ ማንኛውም ፎቶ፣ የልጅ ልደትም ሰርግም ቢሆን ከጀርባ አጥሩ ከታየ ይበቃል፣ ፎቶውን ከነቀኑ ስልክህ ላይ እንዳለ ተወው፣ ስክሪንሾት አድርገህ ዋናውን እንዳታጠፋው። ከሁሉም በፊት ግን ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት ጎረቤቶችህን ዙርና አንድ ነገር ጠይቅልኝ፣ አጥርህ የተገፋ ቀን እቤቱ የነበረ፣ ቀኑን በበዓልም ይሁን በለቅሶ ለይቶ የሚያስታውስ ሰው አለ?