መልስ፦ ጉቶው ለምን አላቆጠቆጠም?

ወንድሜ፣ «ባህር ዛፌን አስቆርጬ አጣናውን ሸጥኩ፤ ግማሹ ጉቶ ግን ደርቆ ቀረ» ላልከው፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አቆራረጡን ነው። ሄደህ ጉቶውን እይ። ቅርፊቱ ተላቆ ወይም ተሰነጣጥቆ ከሆነ፣ ነገሩ እሱ ነው። አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከቅርፊቱ ስር ነዋ! በደነዘ መጥረቢያ ደጋግመው ሲመቱት ቅርፊቱ ይላቀቃል፣ ጉቶውም አብሮ ይሞታል።

ለወደፊቱ በመጋዝ ይቆረጥ፣ ከመሬት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ተትቶ። ፊቱ ትንሽ ዘመም ይበል፣ ውሃ እንዳይቋጥር። ቆራጮች ቶሎ ጨርሰው መሄድ ነው የሚፈልጉት (የእኔዎቹም እንዲሁ ነበሩ)፣ ስለዚህ አጠገባቸው ቁም። ቅርንጫፉን ጉቶው ላይ አትከምር፤ እዚያ ላይ እሳት ማንደድማ በፍጹም።

ላቆጠቆጡት ደግሞ፣ ከአንድ ጉቶ አስራ ምናምን ቡቃያ ወጣ ብለህ ደስ አይበልህ። ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይቀራል። ዓመት ሲሞላው ጠንካራና ቀጥ ያሉትን 2 ወይም 3 ትተህ ሌላውን አንሳ። ዝቅ ብለው የወጡትን ምረጥ፤ ከላይ ጫፉ ላይ የበቀለውን ንፋስ ይገነጥለዋል። በሞተው ጉቶ ምትክ ክረምቱ ሲገባ አጠገቡ ችግኝ ትከል።