መልስ፦ ስሞቹ እየተምታቱብህ ከሆነ ከሚስ ማርፕል ጀምር

ወንድሜ፣ ደም የማይበዛበት፣ ፈገግ የሚያሰኝ የወንጀል ልብወለድ ትፈልጋለህ፤ ግን ስሞቹ እየተምታቱብህ መሃል ላይ ትተወዋለህ። የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን የሚስ ማርፕል መጻሕፍት ያዝ፤ ሚስ ማርፕል ወንጀል የምታወጣጣ የመንደር አሮጊት ናት። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1932 በመጽሐፍ የወጡትን «አሥራ ሦስቱ እንቆቅልሾች» አንብብ፤ አጫጭር ስለሆኑ እያንዳንዱ በአንድ ቁጭታ ያልቃል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1930 ወደወጣው ረጅም ልብወለድ፣ «ግድያ በቄሱ ቤት» (The Murder at the Vicarage)፣ እለፍ። ግድያው የሚፈጸመው በመንደሩ ቄስ ቤት ሲሆን ተራኪውም ራሱ ቄሱ ነው። ጎረቤቱ ሚስ ማርፕል አትክልቷን እየኮተኮተች ወጪ ወራጁን ሁሉ ታያለች። እንዴት ደስ የምትል ሴት ናት!

ስሙ የሚያምታታን በእኛ ዘንድ ሚስት በባሏ ስም ስለማትጠራ ነው። እዚህ ግን የሚገደለው ኮሎኔልም፣ ሚስቱ አንም፣ ልጁ ሌቲስም ሁሉም ፕሮዘሮ ናቸው። ስለዚህ ዕልባት በምታደርገው ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምር፦ የራሱ ስም፣ ዝምድናው፣ ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት የት እንደነበረ የተናገረው። ሰዓት በተጠቀሰ ቁጥር ጻፍ። በቄሱ ክፍል ያለው ሰዓት 15 ደቂቃ ወደፊት እንደሚቀድም ልብ ሳይል ያለፈ አንባቢ ኋላ ላይ ነገሩ ይጠፋበታል። የሴቶቹን የሻይ ላይ ሐሜትም አትዝለል፤ ፍንጩ የሚደበቀው ሳቅ ውስጥ ነው።