«አፐርቸሩን ቀንስ» ሲባል የሚቀነሰው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ለጀማሪዎች የፎቶግራፍ ሥልጠና እሰጣለሁ። «አፐርቸሩን ቀንሱ» ስላቸው ግማሾቹ ከ8 ወደ 4፣ ግማሾቹ ከ8 ወደ 11 ያዞሩታል። በማስታወሻዬም ላይ ከሌንሱ ጎን ያሉትን መቀየሪያዎች በሙሉ «ማብሪያ ማጥፊያ» ብያቸዋለሁ። ትክክል ነው? ወይስ ለሁሉም የአማርኛ ስም ልፈልግ?

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች የታዘዙትን ነው ያደረጉት። «ቀነሰ» ለቁጥርም ለመጠንም ይነገራል፤ በአፐርቸር (ብርሃን በሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ) ላይ ግን ቁጥሩና ቀዳዳው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ቁጥሩ አካፋይ ነውና፦ ሌንሱ ላይ በሚሊሜትር የተጻፈው ርዝመት ለእሱ ሲካፈል የቀዳዳው ወርድ ይገኛል። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ 8 ላይ ወርዱ 6.25 ሚሊሜትር፣ 4 ላይ ደግሞ 12.5 ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ በግማሽ ሲያንስ ወርዱ እጥፍ ይሆናል፤ የሚገባው ብርሃን ደግሞ አራት እጥፍ። እንግዲህ «ቀንሱ» ሲባል የትኛው ይቀነስ?

መፍትሔው ያለው ከግሱ ነው። «አስፉ» እና «አጥብቡ» ይበሉ። ቁጥር አይሰፋም፣ አይጠብም፤ ስለዚህ ሰሚው ወዲያው ቀዳዳውን ያስባል። በንግግር «ክፈተው»፣ «ዝጋው» ማለትም ያስኬዳል፤ በጽሑፍ ግን «ዝጋ» ለጀማሪ ሙሉ በሙሉ መድፈን ሊመስለው ስለሚችል «አጥብብ»ን እመርጣለሁ። ቁጥሩን መጥራት ግድ ከሆነ ሁለቱንም ጫፍ ይንገሯቸው፦ «ከ8 ወደ 4 አምጡት»።

ስሞቹን በተመለከተ አይጨነቁ። አፐርቸር፣ ፎከስ፣ ዙም ባለሙያው የሚግባባባቸው ቃላት ናቸው፤ ይቆዩ። «ፎከስ»ን «ትኩረት» ማለት ለምሳሌ ያምራል፤ «አተኮረ» ራሱ የዓይን ግስ ነውና። ነገር ግን «ትኩረቱ ጠፍቷል» ብለው ቢጽፉ አንባቢ የሚረዳው ሐሳቡ ስለተበተነ ሰው ነው። «ፎከሱ ጠፍቷል» ግን ለማንም ግልጽ ነው።

አሁን ወደ መቀየሪያዎቹ። «ማብሪያ ማጥፊያ» የሚስማማው መንቀጥቀጥን ለሚያካክሰው ብቻ ነው፤ እሱ በእርግጥ ይበራል፣ ይጠፋል። እሱንም «መንቀጥቀጥ ማስቆሚያ» አይበሉት። የሚያካክሰው የካሜራውን መነቃነቅ ነው እንጂ የሚሮጠውን ልጅ አያቆመውም፤ ስሙ መሣሪያው የማይሠራውን ተስፋ መስጠት የለበትም። «የእጅ መንቀጥቀጥ ማካካሻ» ይበቃል።

ኤኤፍና ኤምኤፍ የተጻፈበት ግን ምንም አያጠፋም። በኤኤፍ ፎከሱን ሞተሩ፣ በኤምኤፍ የእርስዎ እጅ ያስተካክለዋል። ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ «የፎከስ መምረጫ» ይባል፣ ትእዛዙም «ወደ ኤምኤፍ ግፉት» ይሁን።

አንዳንድ ሌንስ ላይ ደግሞ የርቀት መገደቢያ አለ፤ በአንዱ በኩል «ሙሉ»፣ በሌላው ለምሳሌ 3 ሜትርና የወሰን የለሽ ምልክት ተጽፎበታል። እዚህ ላይ «በ3 ሜትር የተገደበ» ከተባለ ተማሪው ከዚያ ወዲያ አይሠራም ብሎ ይገምታል፤ እውነቱ ተቃራኒው ነው። «ከ3 ሜትር ጀምሮ ወደ ሩቅ ብቻ ይፈልጋል» ብለው ይጻፉ። ሌንሱ ቅርቡን በከንቱ እየፈለገ ጊዜ እንዳያጠፋ ነው የተሠራው።

ያልጠየቁኝ፣ ግን ከአፐርቸሩ ያላነሰ የሚያደናግር አንድ ግስ ልጨምር፦ «አቅርብ»። በዙም ቀለበት ላይ «አቅርበው» ማለት ሩቁን ነገር አጉልተህ አሳየኝ ማለት ነው። በፎከስ ቀለበት ላይ ያው ቃል ሹል ሆኖ የሚታየው ነገር ለካሜራው የቀረበው ይሁን ማለት ይሆናል፤ ሩቁ እንዲያውም ይደበዝዛል። ሁለቱ ቀለበቶች ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ የቱ እንደተፈለገ ያልገባው ተማሪ እጁ የደረሰበትን ያዞራል። «አቅርብ» እና «አርቅ»ን ለዙም ብቻ ይተዉአቸው። ለፎከስ «ላይ»ን ይጠቀሙ፦ «ፎከሱን ቅርቡ አበባ ላይ አድርጉ»፣ «ከኋላ ያለው ዛፍ ላይ አድርጉ»።