በኦክታል የአሃዞች ድምር ምን ይነግረናል?

ጥያቄ፦ በኦክታል (ቤዝ 8) የተጻፈ 3741 ተሰጠኝ። አሃዞቹን ስደምር 15 መጣ፤ 15 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ይካፈላል ብዬ ጻፍኩ። ወደ ቤዝ 10 ስቀይረው ግን 2017 ሆነ፤ ለ3 አይካፈልም። ሕጉ ለምን አልሠራም? — የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ቅየራዎ ትክክል ነው፦ 3×512 + 7×64 + 4×8 + 1 = 2017። እንዲያውም 2017 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። መካፈል የቁጥሩ ጠባይ ስለሆነ በየትኛውም ቤዝ ቢጻፍ አይለወጥም፤ የሚለወጠው መፈተኛው ነው።

አሃዝ ደምሮ መፈተን የሚሠራው ከቤዙ በአንድ ለሚያንሰው ቁጥርና ለአካፋዮቹ ነው። በቤዝ 10 ያ ቁጥር 9 ነው፤ 3 የተካተተው የ9 አካፋይ ስለሆነ ነው። በኦክታል ግን 7 ነው፤ 8ም፣ 64ም፣ 512ም ለ7 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋልና። የእርስዎ 15 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ ከ2017ም የሚተርፈው 1 ነው (7×288 = 2016)።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። 15ን እንደገና 1+5 ብለው ቢደምሩ 6 ያገኛሉ፤ ቀሪው ተበላሸ ማለት ነው። 15 የተጻፈው በቤዝ 10 ነውና። ድምሩን ማሳጠር ከፈለጉ መጀመሪያ በኦክታል ይጻፉት፦ 17። ከዚያ 1+7 ስምንት ነው፤ በኦክታል 10፤ 1+0 = 1።

ለ3ና ለ9 ከቀኝ ጀምረው አንዱን አሃዝ እየደመሩ ቀጣዩን ይቀንሱ፦ 1−4+7−3 = 1። ቀሪው 1 ነው፤ አይካፈልም። ይህ የሚሠራው 8 ከ9 በአንድ ስለሚያንስ ነው፤ በቤዝ 10 ለ11 የምንጠቀምበት ዘዴ ማለት ነው። ለ2፣ ለ4ና ለ8 የመጨረሻው አሃዝ ብቻ ይበቃል።

ከኦክታል ጠባዮች ሁሉ ውብ የምንለውን እንጨምርልዎ። የማንኛውም ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ዳግም ርቢ በኦክታል በ1 ያልቃል፦ 9 = 11፣ 25 = 31፣ 49 = 61፣ 81 = 121። የመጨረሻዋን 1 ሲያነሱ የሚቀረው (በቤዝ 10 ሲጻፍ 1፣ 3፣ 6፣ 10 …) ከ1 ጀምሮ የተከታታይ ቁጥሮች ድምር ነው። 3741ም በ1 ያልቃል፤ ነገር ግን 1ን ስናነሳ የሚቀረው 374 በቤዝ 10 252 ነው። ከ1 እስከ 22 ያለው ድምር 253 ስለሆነ በአንድ ጎደለ፤ ስለዚህ ዳግም ርቢ አይደለም። 3751 ቢሆን ኖሮ 45×45 = 2025 ይሆን ነበር።

ጥያቄ፦ በባሽ (በሊኑክስ የትእዛዝ ቋንቋ) የጻፍኩት ስክሪፕት የወሩን ቁጥር በሁለት አሃዝ ወስዶ 1 ይደምራል። እስከ ፈረንጆቹ ጁላይ (07) ደህና ሠርቶ በኦገስት (08) ስህተት አወጣ።

መልስ፦ ባሽ በስሌት ውስጥ በ0 የሚጀምርን ቁጥር ኦክታል አድርጎ ያነበዋል፤ በኦክታል ደግሞ 8ና 9 የሚባሉ አሃዞች የሉም። 01 እስከ 07 በሁለቱም ቤዝ አንድ ስለሆኑ ችግሩ ተደብቆ ቆየ፤ በ10ኛው ወር ደግሞ መሪ ዜሮ ስለሌለ በራሱ ይጠፋል። መፍትሔው በስሌቱ ውስጥ ከተለዋዋጩ ፊት 10# መጻፍ ነው። በሦስት አሃዝ የሚጻፉ መለያ ቁጥሮች ካሉዎትም ይፈትሹ፦ 012 ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ 10 ሆኖ ይሰላል፤ ይህ ስህተት ከሚያወጣው ይልቅ አደገኛ ነው።