ከባልሽ ጋር ድሬዳዋ ስትሄጂ የቀበሌውን ጉዳይ ለብቻው አድርጊው

እህቴ፣ ድሬዳዋ ተወልደሽ እንዳደግሽ፣ በታኅሣሥ ከፈረንጅ ባልሽ ጋር ልትሄጂ እንዳሰብሽ፣ «በዚያው የልደት ሰርተፍኬቴን አወጣለሁ» ማለትሽንም አነበብኩ። እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ ከዚራን ላሳየው ብዬ ባሌን ከጀርመን ይዤ ሄጃለሁ። የሚጠቅምሽን በተራ ላስቀምጥልሽ።

1. ታኅሣሥ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ እንግዳ ይችለዋል። ነገር ግን ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል ነው። በዚያ ሰሞን በድሬም በሐረርም አልጋ በልመና አይገኝም፤ ወይ ከአሁኑ ያዢ፣ ወይ ከንግሡ በኋላ ግቢ። ወደ አገር የምትገቡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የአገር ውስጡ ትኬት ይቀንስላችኋል። ባቡር ካማረሽም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ በልጅነትሽ የምታውቂው ለገሃር አያወርድሽም።

2. ዘመድ ቤት ወይስ ሆቴል ላልሽው፣ ምሳና እራት ዘመድ ቤት፣ አዳር ሆቴል። አለበለዚያ ባልሽ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጎርስ ይውላል። የጋብቻ ሰርተፍኬታችሁን ቅጂ ደግሞ ከቦርሳሽ አትለዪ። እኛ ሆቴል ስንደርስ የእንግዳ መቀበያው ልጅ ባሌን አጎንብሶ ተቀበለና ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ለስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። በተወለድኩበት ከተማ! ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት አንገቱን ደፋ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለሽ እሱንም አሳዪ፤ አለበለዚያ የውጭ ዜጋ ዋጋ ይጠሩብሻል።

3. ቀበሌ። እኔም የልደት ሰርተፍኬቴን ላወጣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከባሌ ጋር ገባን። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችንና ወንበር ስባ ለባሌ ሰጠችው። ባለጉዳይዋ እኔ፣ ቆሜ የቀረሁትም እኔ፤ እሱ የምንባባለው አንድም አይገባውም። መዝገቡ ከፊቷ ነው፤ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣበታለች። ሳትገልጠው «የአንቺ ዘመን መዝገብ በጎርፍ ሄዷል» አለችኝ። የ1998ቱን የደቻቱን ጎርፍ የድሬ ልጅ በዋዛ አያነሳውም፤ ሰው አልቆበታል። ያ ቢሮ ግን ወንዙ በሕልሙም የማይደርስበት ቦታ ነው። እንዲህ ስላት «እሺ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ተመለሺ» አለች። ከሰዓት ስንመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ የምሳ እረፍቱ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል መሆኑን ረስተሽ ከሆነ አስታውሺ። ከዚያ በኋላ የጫት በርጫው አለ፤ ድሬ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ እንደማይሄድ አንቺም ታውቂዋለሽ። ባሌ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል፤ ለወራት ስለ እሱ ሲያነብ የከረመው የሐረር ጀጎል ግንብ የአንድ ሰዓት ያህል ዳገት ላይ ሆኖ ይጠብቀናል።

ያወጣኝ የሰፈራችን እድር ነው። ከጎርፉ በኋላ ጎረቤቱ ቢበተንም እድሩ አልፈረሰም። ጸሐፊው አያቴ በየወሩ የከፈለችበትን ደብተር ይዘው፣ ሁለት እናቶችን አስከትለው መጡ። አንደኛዋ «የዚችን ልጅ ክርስትና ድግስ በልተናል፤ አንቺን ግን አናውቅሽም» ሲሏት ሠራተኛዋ የራሷን ወንበር ለቀቀችላቸው። ጠፋ የተባለው መዝገብ ከመደርደሪያ ወረደ፤ ስሜም የአባቴም ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። በዚያው ዕለት ተፈረመልኝ።

ስለዚህ ምስክሮችሽን ከመሳፈርሽ በፊት በስልክ አግኚያቸው። ከቤተሰብ የሚሮጥልሽ ሰው ካለ በኤምባሲ በኩል ውክልና ላኪለት፤ ጅምሩን ሲከታተልልሽ ይቆያል። የቀረውን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ብቻሽን ሄደሽ ጨርሺ። ባልሽን ከአክስትሽ ልጅ ጋር ቀፊራ ገበያ ስደጂው፤ ቀበሌ ይዘሽው ከሄድሽ ለእሱ ወንበር፣ ለአንቺ ቀጠሮ ነው የሚሰጡሽ።

ሐረር ደግሞ ደርሳችሁ የምትመለሱባት አትሁን፤ እደሩባት። ጅቦቹን የሚያበሉት ከመሸ በኋላ ነው። ባሌ ሥጋ የተሰቀለበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ አብልቷል፤ እኔ የሐረርጌ ልጅ ሆኜ እስከ ዛሬ አልደፈርኩም።