የፊዚክስ ምሩቅ ሚቲዎሮሎጂስት ለመሆን ምን ይጎድለዋል?

በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ሚቲዎሮሎጂስት (የአየር ሁኔታ ባለሙያ) ለመሆን እንደገና ከመጀመሪያ ዓመት መጀመር ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ አይጠበቅብዎትም። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ለሙያው ያወጣው የትምህርት መስፈርት፣ በቂ የሒሳብና የፊዚክስ መሠረት ያለው ምሩቅ ቀሪውን በድኅረ ምረቃ የሚቲዎሮሎጂ ትምህርት እንዲያሟላ ይፈቅዳል። በአገራችን ሙያውን ከሚያስተምሩት አንዱ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ፣ ጥያቄዎን ከዚያ ይጀምሩ።

ከመመዝገብዎ በፊት ግን የኮርሶቹን ዝርዝር ጠይቀው በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ብዙዎች ሲሳሳቱ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። መስፈርቱ የከባቢ አየር ፊዚክስን፣ የከባቢ አየር ዳይናሚክስን (የአየር እንቅስቃሴ ሕጎችን)፣ ሲኖፕቲክና ሜሶስኬል ሚቲዎሮሎጂን (ሰፊና መካከለኛ ስፋት ያላቸው የአየር ሁኔታ ሥርዓቶች ጥናትን) እንዲሁም የአየር ንብረት ሳይንስን ይጠይቃል። «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ስያሜ ያላቸው አንዳንድ የማስተርስ ፕሮግራሞች ግን ይበልጥ የሚያተኩሩት በፖሊሲና በልማት ላይ ነው። ትምህርቱ በራሱ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ዳይናሚክስና ሲኖፕቲክ ካልተማሩ የትንበያ ሥራ፣ በተለይም መስፈርቱ በጥብቅ የሚፈለግበት የአቪዬሽን ትንበያ፣ ይዘጋብዎታል።

እስከዚያው ፓይተን የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ይለማመዱ። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን፣ ከሳተላይትና ከመሬት ጣቢያዎች የተቀናጀውን የቺርፕስ የዝናብ መረጃ በነፃ አውርደው፣ የአካባቢዎ የበልግና የክረምት ዝናብ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚለዋወጥ ራስዎ ይሥሩት።